ከፋፋ ዱቄት እስከ ነርሷ ደብተር

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ወደ አዳማ የመጣሁ ቀን፣ ከባጃጅ ወርጄ በራችን ጋ ለመድረስ ቢበዛ ሃያ እርምጃ ነበር የቀረኝ። በዚያች ሃያ እርምጃ ውስጥ ሦስት ሰው ስለ ሰውነቴ አስተያየት ሰጠኝ። የጉሊቷ እትዬ ከቲማቲማቸው ቀና ብለው «ውይ በሞትኩት! ምን ነካሽ ልጄ፣ እንዲህ ክስት ያልሽው?» አሉኝ። የሱቁ ልጅ «ሞዴል ሆነሽ መጣሽ እንዴ?» ብሎ ገለፈጠ። ከጎን ግቢ ያሉት ጋሼ ደግሞ ለእኔ እንኳ ሳይሆን ለእናቴ፣ ያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷን አስመርምሪያት» ብለው አለፉ።

ካምፓስ ስገባ ይኸው ሰፈር «ድብልብሏ» እያለ ነበር የሸኘኝ። ያንንም በፍቅር ነው ያሉት፣ ይኼንንም በፍቅር። ፍቅሩ አልጠፋኝም። የጠፋኝ የትኛዋን እኔን እንደሚወዱ ነው። «ከሳሽ» በተባልኩ ቁጥር ተከሳሽ የሆንኩ ይመስለኝ ጀመር።

ሦስቱም ያላወቁት ነገር ነበር። ቀን ቀን አልበላም። ጾሙ ጥሩ መሸሸጊያ ሆኖልኛል፤ «ረቡዕ ነው»፣ «ፍልሰታ ነው»፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው» ስል ማን ይጠይቀኛል? እንዲያውም «እሷ እኮ መንፈሳዊ ናት» ተብሎልኛል። ሌሊት ግን ዶርሙ ሲተኛ ብስኩት በሉት ዳቦ በሉት፣ የተገኘውን ሁሉ ጣዕሙን እንኳ ሳልለይ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለመጻፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል።

አንዱ ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» አለኝ። ሌላው «ጨጓራ ነው፣ ቃሪያ ቀንሺ» አለኝ። (መቼም እዚህ አገር ታይፎይድና ጨጓራ ያልተሸከሙት በሽታ የለም!) በመጨረሻ ያገኘኋት አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበረች። መድኃኒት አልሰጠችኝም። ከመሳቢያዋ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አውጥታ «የበላሽውን ሁሉ እዚህ ጻፊ። በስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ከመብላትሽ በፊት ምን ተሰምቶሽ እንደነበር። አትደልዢ፣ አትዋሺ። የዛሬ ሳምንት እንገናኝ» አለችኝ።

ጋዜጠኝነት እየተማርኩ የራሴ ሆድ ዘጋቢ ሆንኩ ማለት ነው።

ያቺ ደብተር ከየት መጣች? «ወፈርሽ» እና «ከሳሽ»ስ እንዲህ የከበዱት ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ የሁለቱ ታሪክ ነው።

እናቶቻችን ክሳትን ለምን ይፈራሉ?

በመጀመሪያ ለጉሊቷ እትዬ ጥብቅና ልቁምላቸው። የእሳቸው ትውልድ ክሳትን የሚፈራው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። የ1966ቱን የወሎ ረሃብ በወሬ የሰማ፣ የ1977ቱን በዓይኑ ያየ ሰው፣ የወጣ አጥንት ሲያይ ፋሽን አይታየውም።

በአማርኛ «ፋፋ» ማለት ወዛ፣ ሥጋ ለበሰ ማለት ነው። «ልጅሽ ፋፍቷል» የተባለች እናት እንደተሸለመች ትቆጥረዋለች። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሥነ ምግብን የሚያጠና ተቋም ተቋቋመ፤ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው ነው። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1967 ጡት ለሚጥሉ ሕፃናት የሚሆን፣ ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተቀመመ ምግብ ለገበያ ሲያቀርብ ስሙን ምን አለው? ፋፋ! ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ፈረንሳዮች በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሆን የለውዝ ቅባት ሠርተው «ፕላምፒ ነት» አሉት። «ፕላምፒ» የሚለው ስም የመጣው ድንቡሽቡሽ ያለ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሁለት አገር፣ ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ምኞት።

ይህ ደግሞ የሩቅ ጊዜ ወሬ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲቀር የእኛው ስምጥ ሸለቆ ተመታ። ምድሩ ለምልሞ ሕፃናት የሚራቡበት፣ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ጊዜ ነበር። ከሻሸመኔ አጠገብ ኩየራ ላይና በሲራሮ ወረዳ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሕክምና ማዕከል ከፍተው እጅግ የተጎዱ ሕፃናትን ተቀበሉ።

እንዲህ ያሉ ሕፃናት የሚታከሙበትን መንገድ ልብ በሉልኝ። ሕፃኑ እንደመጣ የምግብ ፍላጎቱ ይፈተናል። እናቱ እጇን ታጥባ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጣ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ምግቡን ቀስ ብላ ታቀርብለታለች። ታባብለዋለች እንጂ አታስገድደውም። ፈተናውን ካለፈና ሌላ የከፋ ሕመም ከሌለበት የሳምንት ምግቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በየሳምንቱ እየመጣ ይመዘናል። ሆስፒታል ተኝቶ ከመታከም ይልቅ ቤት ሆኖ መታከም የሚለው ይህ አሠራር መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ሐድያ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2000። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

የጋሼ «አስመርምሪያት»ም የራሱ ታሪክ አለው። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት፤ የከባድ መኪና ሾፌር የሚያድርባት፣ እንግዳ የማይጠፋባት። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሳይጀምር፣ ማለትም ከ1997 ዓ.ም. በፊት፣ በድንገት የከሳ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በእኛ ሰፈር ክሳት ማለት ወይ ረሃብ፣ ወይ «ያ በሽታ» ነበር። ሦስተኛ ትርጉም አልነበረውም። ታዲያ ሆን ብላ የምትራብ ልጅ በየትኛው ቃል ትጠራ?

ከወንጂ የመጣው ጣፋጭ

በሌላ በኩል ደግሞ ስኳር አለ። የደች ኩባንያው ኤችቪኤ የጃቫ ዘመኑ ሲያበቃ ፊቱን ወደ አዋሽ ወንዝ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተፈራረመ፤ በ1946 ዓ.ም. ከአዳማ አፍንጫ ሥር ያለው የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት ጀመረ። ከዚያ ሸዋ፣ ከዚያ መተሐራ ተከተሉ። ማርና ጠጅ የድግስ በሆነበት አገር ጣፋጭ ነገር ቀስ በቀስ የየቀኑ ሆነ። ሻይ በሦስት ማንኪያ፣ ከረሜላ በኪስ፣ ለስላሳ በየድግሱ። አሮጌዎቹ የወንጂ ፋብሪካዎች ዛሬ ተዘግተው በአዲስ ተተክተዋል፤ ልማዱ ግን እዚሁ አለ።

የዚህ አገር ሰው በገዛ ሰውነቱ ማፈርን የተማረው በውፍረት ብቻ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ወንጂ ውስጥ ያደጉ የስንት ሠራተኛ ልጆች ጥርስ በልጅነቱ ቡናማ ሆኗል፤ ዕድሜ ልካቸውን የጠጡ ሰዎች ደግሞ አጥንታቸው ድረስ ተጎድተዋል። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ካያችሁ «የት ነው ያደግሽው?» ብላችሁ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ጥፋቱ የውኃው ነው፤ እፍረቱ ግን የልጅቷ ሆነ። የውፍረትም ነገር ልክ እንደዚሁ ነው። ምግቡን፣ መንገዱን፣ ሥራውን የቀየርነው አብረን ነው፤ እፍረቱን ግን ለአንዱ ለይተን እንሰጠዋለን።

ቁጥሩም ይኼንኑ ያሳያል። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 30 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በላይ ቀጫጭን፣ 3 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በላይ ወፍራም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀጫጮቹ ወደ 22 በመቶ ወርደው ወፍራሞቹ 8 በመቶ ደረሱ፤ ከተማ ላይ ያለው ደግሞ የገጠሩን ብዙ እጥፍ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የምግብ እጥረት ያለበት ሕፃንና ስኳር በሽታ የያዛቸው አያት አብረው ይኖራሉ። እኔ ደግሞ በመሀል ሁለቱንም ፍርሃት ወርሼ ቁጭ አልኩ።

የደብተሯ የዘር ሐረግ

አሁን ወደ ደብተሯ። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ለወፍራም ሰው የሚሰጡት ምክር የእኛን ሰፈር ምክር ይመስል ነበር፦ «አፍሽን ያዢ»። አልሆን ሲል እንደ አምፌታሚን ያለ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ክኒን ይታዘዛል፤ ወይም ሰውዬው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ የልጅነት ታሪኩን ለዓመታት ይተርካል።

ነገሩን ከሥሩ የነቀነቀው አንድ የጦርነት ጊዜ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ፣ አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወጣት ወንዶችን ለ24 ሳምንታት ከወትሮው ግማሽ ያህል ብቻ እያበላ አጠናቸው። ጦርነት ያጠቃው ሕዝብ ከረሃብ እንዴት እንደሚያገግም ለማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ምን ሆኑ? ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ፣ ስለ ምግብ ማለም፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ፣ ሳህን መላስ ጀመሩ። ገደቡ ሲነሳላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ ማቆም አቃታቸው። ከመራባቸው በፊት አንዳቸውም ሆዳም አልነበሩም!

ይህን ሳነብ ያለቀስኩት ለዚህ ነው። የሌሊቱ ነገር የባሕርይ ብልሽት፣ የእምነት ማነስ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የተራበ አካል መልስ ነው።

ቀጥሎ የመጡት የባሕርይ ሕክምና ሰዎች ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ አበላል የተለመደ ነገር ነው፤ የተለመደ ነገር ደግሞ እንደገና ሊለመድ ይችላል። «ለምን ቆራጥ አልሆንሽም?» ማለቱን ትተው «መቼ? የት? ምን ሲሰማሽ?» ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሪቻርድ ስቱዋርት የተባለ አሜሪካዊ ስምንት ወፍራም ሴቶችን በዚህ መንገድ ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ክብደታቸው በደንብ መቀነሱን ጻፈ። መሣሪያዎቹ የሚያስቁ ናቸው፦ የበሉትን መመዝገብ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጦ መብላት፣ ሲበሉ ሌላ ሥራ አለመሥራት፣ በጉርሻ መሀል እጅን ማሳረፍ። ይኸው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው?

እ.ኤ.አ. በ1979 ለንደን ውስጥ ጄራልድ ራስል የተባለ የአእምሮ ሐኪም የ30 ሕሙማንን ታሪክ ጽፎ «ቡሊሚያ ነርቮሳ» የሚል ስም አወጣለት። እነሆ ያ ሦስተኛው ትርጉም! ሁለት ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1981 የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ፌርበርን 11 ሕሙማንን ያከመበትን መንገድ አሳተመ፤ አብዛኞቹ በእጅጉ ተሽሏቸዋል። የነርሷ ደብተር አባት እሱ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 20 ያህል ቀጠሮ በአራትና አምስት ወር ይወስዳል። መጀመሪያ ይመዘገባል። ከዚያ በየሦስት አራት ሰዓቱ፣ ራበኝ አልራበኝ ሳይሉ፣ ይበላል። ሆድ ባዶ ካልዋለ የሌሊቱ ማዕበል ይበርዳል። ከዚያ የተፈሩት ምግቦች አንድ በአንድ ይመለሳሉ። በመጨረሻ «ዋጋዬ በኪሎዬ ነው» የሚለው ሐሳብ ራሱ ይመረመራል።

እኔ በሁለተኛው ሳምንት ደብተሬን ስገልጥ ያየሁት ነገር ሌሊት የበላሁባቸው ቀናት ሁሉ ቁርስና ምሳ የዘለልኩባቸው መሆናቸውን ነው። አንድም ሳይቀር። ነርሷ ምንም አላለችም፤ በስክሪብቶዋ ባዶዎቹን መስመሮች ብቻ ነካ ነካ አደረገች።

ብቻውን የሚድን የለም

የወጣቶች ሕክምና ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ፦ ቤተሰብ። ሊዮናርድ ኤፕስታይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ወፍራም ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር አብሮ ያክም ጀመር። ምግቡን እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብሎ ከፋፈለው። ልጁ ብቻ ሳይሆን እናትና አባትም ልማዳቸውን ይቀይራሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ ከወላጆቻቸው ጋር የታከሙት የተሻለ ውጤት ላይ ነበሩ። ለንደን፣ ሞድስሊ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ጥናት አኖሬክሲያ ለያዛቸውና ሕመሙ ላልቆየባቸው ታዳጊዎች የቤተሰብ ሕክምና ከግል ምክር እንደሚበልጥ አሳየ። ወላጅ ተወቃሽ መሆኑ ቀርቶ አጋዥ ሐኪም ሆነ።

ሕክምናው ተአምር አይደለም። የቀነሰ ክብደት መመለሱ የታወቀ ነው፤ አኖሬክሲያም ዛሬም ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ገዳይ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጊዜም ይፈልጋል። የአሜሪካ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከዚያም በ2024፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸው ልጆችና ታዳጊዎች ቢያንስ 26 ሰዓት የባሕርይ ምክር እንዲሰጥ መክሯል። 26 ሰዓት! እኛ ጋ በኮሪደር የሚሰጠው «ቅባት ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ» ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

እጥረቱ ግን የሐኪሞቹ ጥፋት ብቻ አይደለም። አገራችን ውስጥ ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሆስፒታል ማለት አማኑኤል ብቻ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር። በየክልሉ ሸክሙን የተሸከሙት እንደኔዋ ያሉ ነርሶች ናቸው።

«ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ፊጂን እንመልከት። በዚያች አገር እንደ እኛው ውፍረት የጤናና የክብር ምልክት ነበር፤ «ከሳሽ» ማለት ሐዘኔታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ የገጠር አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለች ተመራማሪ ልክ እንደገባና ከሦስት ዓመት በኋላ የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ጠየቀች። መጀመሪያ ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ግን 11.3 በመቶ የሚሆኑት አዎ አሉ። በሦስት ዓመት! እኛ ጣሪያው ሁሉ ዲሽ፣ እጁ ሁሉ ስልክ የሆነበት ከተማ ነን።

የእናቴ ጭን

አሁን ወደዚያች «ያዙልኝ» ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ጸጥ ያለ ቦታ፣ የእናት ጭን፣ ማባበል እንጂ ማስገደድ የለም፣ በየሳምንቱ ቀጠሮ፣ ሕክምናው ቤት ውስጥ። የሞድስሊና የኦክስፎርድ ሰዎች ዙረው ዙረው የደረሱበት ቦታ፣ የእኛ የጤና ባለሙያዎች ለተራበ ሕፃን በየቀኑ ከሚያደርጉት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዕውቀቱ እንግዳ አይደለም። ያልለመድነው ለሃያ ዓመት ልጅም ማድረግን ነው።

እናቴ አደረገችው። ነርሷ ጠርታ ስታስረዳት መጀመሪያ «ምን አጎደልኩባት?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት፤ ሰዓቱን ጠብቃ፣ አብራኝ ተቀምጣ። (መክሰስ የሚባል ነገር ያወጡ አያቶቻችን ከፌርበርን ቀድመዋል!) ጎርሻ ተከለከለች፤ ለአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ አልነግራችሁም። የንስሐ አባታችን ዘንድም ወሰደችኝ። አባ ሰምተው ሲጨርሱ «የታመመ እንዲጾም አልታዘዘም። ለጊዜው ያንቺ ጾም መብላት ነው» አሉኝ። መሸሸጊያዬ በዚያች ዓረፍተ ነገር ፈረሰ።

ዘጠኝ ወር ፈጀ። በመሀል ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ። ደብተሯ አልቃ ሁለተኛ ገዝቻለሁ። ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሆንኩ አልነግራችሁም፤ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር እሱ አይደለምና። ከእናንተ መሀል የእኔን ሌሊት የሚያውቅ ካለ ግን ብቻህን፣ ብቻሽን አትታገሉት። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ፈልጉ፤ «ጨጓራ ነው» ብሎ የመለሳችሁ ካለ እንኳ ሌላ በር አንኳኩ።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ወርጄ ነበር። ያቺኑ ሃያ እርምጃ ስራመድ የጉሊቷ እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ ምን ብላ እንደነገረቻቸው አላውቅም፤ ብቻ መልሰው ዘጉት። ትንሽ አሰቡና፣

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሉኝ። «ሥራ እንዴት ነው?»

ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ቸር እንሰንብት።